የመላኪያ ወጪ በላኪ

እኔ ሙሉ ቀን ካርቶን ስለካ የምውል ሰው ነኝ። ሞሪሺጌ እባላለሁ፤ በካሚኩሬ ፖስታ ቤት ሁለተኛው መስኮት ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁ። ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመት፤ ሦስቱ ይደመሩና ዋጋው ይወጣል። ድምሩ መቶ ሰባ ሴንቲ ካለፈ አልቀበልም። መቶ ሰባ አንድ ቢሆንም አልቀበልም። ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ ችኮ ነህ" ትለኛለች። ነኝ፣ ምን ይደረግ! መቶ ሰባ አንድ ግን መቶ ሰባ አይደለም።

ስለ እኔ ይህ ይበቃል። ማውራት የፈለግሁት ስለ እትዬ ኪኑዮ ነው።

እትዬ ኪኑዮ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። አጭር ናቸው፤ መስኮቴ ጋ ሲቆሙ የሚታየኝ ከአፍንጫቸው በላይ ያለው ብቻ ነው። ባለፉት አራት ዓመታት እንደሳቸው ያናደደኝ ደንበኛ አልነበረም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በረዶ ጣለም አልጣለም፣ ከምሳ በኋላ በሩ ይከፈትና መጀመሪያ ጥቅሉ ይገባል፤ እሳቸው ከጥቅሉ ኋላ ይከተላሉ። በኢንተርኔት ጨረታ የቤታቸውን ዕቃ ይሸጡ ነበር። ነጋዴ እንዳይመስሏችሁ! ባላቸው ሲያርፉ ቤቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ዕቃ ነበር፤ ልጃቸው ኖሪያኪ ጨረታውን ስልካቸው ላይ ከፍቶ አሳያቸው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው።

"የዛሬው ምንድን ነው?" እላቸዋለሁ።

"የሻይ ስኒ። አንድ።"

"በስንት ሄደ?"

"በሦስት መቶ የን።"

"መላኪያው ስምንት መቶ ሰባ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"እትዬ፣ ሰውየው እኮ ስኒውንም ወሰደ፣ ገንዘብዎንም ወሰደ!"

"ይውሰዳ። ስኒውን ሻይ ይጠጣበታል፤ እኔ ቤት ሆኖ አቧራ ነበር የሚጠጣው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨረታው ላይ ዕቃ ሲያወጡ አንድ ጥያቄ አለ፤ የመላኪያውን ወጪ የሚችለው ማን ነው? "አሸናፊው" ወይ "ላኪው" ብሎ መምረጥ ነው። ጤነኛ ሰው "አሸናፊው" ይላል፤ የካርቶኑንና የፕላስተሩን ጨምሮ የሚያስከፍልም ሞልቷል። እትዬ ኪኑዮ አንድም ቀን "ላኪው" ከሚለው ንቅንቅ ብለው አያውቁም። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም።

"ቢያንስ የማሸጊያውን ያስከፍሉ እንጂ" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ሞሪሺጌ፣ ስታገባ የተሰጣችሁን የሩዝ ሳህን ማን ጠቀለለው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ለመጠቅለያው ማን ከፈለ?"

ካርቶኑን መለካቴን ቀጠልኩ።

"ማንም! ታዲያ አሁን በስተርጅና ከማላውቀው ሰው ለወረቀት ገንዘብ ልቀበል? ምነው፣ ይሉኝታ የለኝም እንዴ?"

የከተማችን ትልቁ ሱቅ ታቴኖ ይባል ነበር፤ አምስት ፎቅ ነው። እትዬ ኪኑዮ ምድር ቤቱ ላይ፣ ከመጠቅለያው ጠረጴዛ ኋላ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቆመዋል። ሣጥኑን ወረቀቱ ላይ ሰያፍ ያስቀምጡታል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ይገለብጡታል፤ ወረቀቱ ራሱ እየተከተለ ይታጠፋል፤ መጨረሻ ላይ አንዲት ቁራጭ ፕላስተር። አንዲት! ሁለተኛ የለጠፈች ሠራተኛ ወዮላት። በዚህ ከተማ ተወልዶ፣ ተድሮ፣ ታሞ፣ ሞቶ በእሳቸው እጅ ያልተጠቀለለ ነገር ያልደረሰው ሰው የለም።

ወረቀቱ የሚታጠፍበት አቅጣጫም አለው። ለደስታ ሲሆን የመጨረሻው እጥፋት በቀኝ ያርፋል፤ ለለቅሶ ሲሆን በግራ። አንዴ አዲስ የተቀጠረች ልጅ የሠርግ ስጦታ በለቅሶ አጥፋ ሰጠች። እትዬ ኪኑዮ ያዩት ገዢው ከሱቁ ሲወጣ በመስተዋቱ በኩል ነው። የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ በበረዶው ላይ እስከ ባቡር ጣቢያው ሮጠው፣ ሰውየውን አንድ እግሩ ባቡሩ ላይ ሳለ ይዘው፣ እዚያው ተንበርክከው እንደገና ጠቀለሉለት። "ሙሽሮቹን በቁማቸው ልትቀብራቸው!" እያሉ ሳምንት ሙሉ አልበረደላቸውም። ልጅቷን ለአንድ ወር ባዶ ሣጥን ሲያስጠቀልሏት ከረሙ።

ሱቁ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ተዘጋ። የመጨረሻው ቀን ባልደረቦቻቸው ገንዘብ አዋጥተው የግድግዳ ሰዓት ገዙላቸው። ከዚያ ምን ቢሏቸው ጥሩ ነው? "እትዬ፣ እኛ ብንጠቀልለው ይስቁብናል። እባክዎ እርስዎ ይጠቅልሉት!" ጠቀለሉት፤ ለአለቃው አስረከቡት፤ አለቃው መልሶ ለእሳቸው ሰጠ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ይህን ሲነግሩኝ እየሳቁ ነበር። እኔን ግን አላሳቀኝም። ሰው እንዴት ይህን ያህል ይደነዝዛል? የራሳቸውን ስጦታ ራሳቸው ጠቅልለው!

ከሰዓቱ ሌላ ሁለት ነገር ይዘው ወጥተዋል። አንደኛው የተረፈው መጠቅለያ ወረቀት ነው፤ ነጭ ሆኖ ትንንሽ ቀይ ቅጠል ያለበት፣ ሁላችንም በልጅነታችን ያየነው ወረቀት። ሁለተኛው የመስኮቱ አሻንጉሊቶች ናቸው። በሦስተኛው ወር ሦስተኛው ቀን የሴት ልጆች በዓል ሲደርስ ታቴኖ በትልቁ መስኮት ውስጥ ቀይ ጨርቅ በተነጠፈ ባለ ሰባት ደረጃ ላይ ዐሥራ አምስት አሻንጉሊት ይደረድር ነበር፤ ከላይ ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ከሥር ደንገጡሮቹ፣ ሙዚቀኞቹ፣ ሹማምንቱ፣ አገልጋዮቹ። አቅም የሌለው ቤት ሴት ልጁን እዚያ መስኮት ፊት አቁሞ ያሳያት ነበር። እትዬ ኪኑዮም ልጅ ሳሉ አፍንጫቸውን መስተዋቱ ላይ ለጥፈው ያዩ ከነበሩት አንዷ ናቸው፤ ቤታቸው አሻንጉሊት አልነበረም። ሱቁ ሲዘጋ አለቃው "ይውሰዷቸው" ሲላቸው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ብቻቸውን ይደረድሯቸዋል፣ በማግስቱ ብቻቸውን ያነሷቸዋል። ሳይነሱ ከቆዩ የቤቱ ሴት ልጅ ሳታገባ ትቀራለች ስለሚባል እኔም አላሳርፋቸውም።

"እትዬ፣ አሻንጉሊቶቹን አነሷቸው? ኋላ ሳያገቡ እንዳይቀሩ!"

"ካንተ ዓይነት ችኮ ጋር ከመኖር ቆሞ መቅረት ይሻላል" ብለው እንጥሌ እስኪታይ ያስቁኛል።

እንግዲህ ዘንድሮ ነው ጉዱ። ኖሪያኪ እናቱን ወደሚኖርበት ከተማ ሊወስዳቸው ቆረጠ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ባለፈው ክረምት ጣሪያ ላይ ወጥተው በረዶ ሲጠርጉ ጎረቤት ደውሎ ነግሮት እንቅልፍ አጥቶ ነው። ቤቱ በሦስተኛው ወር መጨረሻ ይለቀቃል፤ ከዚያ በፊት፣ በወሩ በአምስተኛው ቀን፣ ዕቃ የሚጠርጉ ሰዎች በመኪና መጥተው የተረፈውን ሁሉ ይወስዳሉ። ወስደው ምን እንደሚያደርጉት የታወቀ ነው፤ ወደ ማቃጠያ።

"እማዬ፣ ቤቴ ሁለት ክፍል ናት። ዐሥራ አምስቱን ሰዎች የት ላስተኛቸው?" አላቸው።

እውነቱን ነው፤ ሁለት ወንዶች ልጆች አሉት፣ በመደርደሪያ ላይ ይተኛሉ ማለት ይቀላል። እትዬ ኪኑዮ ለአሻንጉሊቶቹ ቤት ፍለጋ ተነሡ። የከተማው ሙዚየም ዐሥራ ሁለት ስብስብ እንዳለው ነግሮ በትሕትና መለሳቸው። የጎረቤት የልጅ ልጅ "ዓይናቸው ያፈጣል፣ እፈራለሁ" አለች። ቤተ መቅደሱ ጸልዮላቸው ሊያቃጥላቸው ፈቃደኛ ነበር። እትዬ ኪኑዮ ከዚያ ሲመለሱ በፖስታ ቤት በኩል አለፉ፤ ፊታቸው ገርጥቷል።

"ስድሳ ዓመት በመስተዋት ያየኋቸውን፣ ተጸልዮላቸውም ቢሆን፣ እሳት አይበላቸውም" አሉኝ። "አንዲት ልጅ ብትኖር ይበቃኛል። አንዲት።"

እና ጨረታው ላይ አወጧቸው። መነሻ ዋጋ አንድ የን። የመላኪያ ወጪ በላኪ። ወደ የትኛውም ቦታ።

ስልካቸውን ሲያሳዩኝ ጭንቅላቴን ያዝኩ። "እትዬ፣ ሰባት ደረጃ ከነብረቱ! ይህን የሚያወጣ ሰው ሁሉ 'መጥቶ ለሚወስድ ብቻ' ብሎ ነው የሚጽፈው!"

"ከአንድ የን ብጀምር ሰው ይሻማበታል።"

"ማን ነው የሚሻማው? አገር ሙሉ ከአያቱ የወረሰውን አሻንጉሊት የት ልጣል እያለ ነው!"

"አንተ ካርቶንህን ለካ" አሉኝና ወጡ።

ጨረታው ሰባት ቀን ቆየ። ስድስት ቀን ሙሉ ዝር ያለ ሰው የለም። እኔ ያልኩት ደረሰ ብዬ ደስ ይለኛል ብላችሁ ካሰባችሁ አላወቃችሁኝም፤ ምሳዬ አልበላ ብሎኝ ነበር የሰነበተው። በሰባተኛው ቀን አንድ ተጫራች ገባ። አንድ ብቻ። ዐሥራ አምስቱ አሻንጉሊት፣ ሰባቱ ደረጃ፣ ቀዩ ጨርቅ፣ ሁሉም በአንድ የን ሄደ።

አሸናፊዋ ሚናሴ የምትባል ደሴት ላይ የምታስተምር ቺናሚ የምትባል አስተማሪ ናት። ግድግዳዬ ላይ ካለው ካርታ ላይ ደሴቲቱን ስፈልግ ጣቴ ከላይ ጀምሮ እስከ ታች ወረደና ከካርታው ጠርዝ ጋር ገጠመ። አስተማሪዋ የጻፈችውን እትዬ ኪኑዮ መስኮቴ ላይ ቆመው አነበቡልኝ። ትምህርት ቤቷ ስድስት ልጆች አሉት፣ አራቱ ሴቶች ናቸው። የትምህርት ቤቱን አሻንጉሊት አምና ማዕበሉ ከነመጋዘኑ ወሰደው። "ወጪው በላኪ የሚለውን አይቻለሁ፤ ግን እኛ ያለነው በጣም ሩቅ ነው። እባክዎ መላኪያውን እኛ እንክፈል" ብላለች።

"ይኸው! ራሷ ልክፈል አለች!" አልኩ በደስታ።

"እና?"

"እና ይቀበሏታ!"

"ሞሪሺጌ፣ እኔ 'በላኪ' ብዬ ጽፌያለሁ። ከጻፍኩት ወደ ኋላ ስል አይተኸኛል?"

ለአስተማሪዋ የመለሱት አንድ መስመር ነው፤ "የጻፍኩትን ጽፌያለሁ፤ እርስዎ ደረጃውን የሚያቆሙበት ቦታ ያዘጋጁ።" አስተማሪዋም ሌላ ነገር ጻፈች። ወደ ሚናሴ መርከብ የሚሄደው በሳምንት አንዴ ነው፤ የሁለተኛው ወር ሃያ ስድስት ላይ የሚነሣው ካመለጠ የሚቀጥለው የሚደርሰው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ቀን ቆጠርኩ። ዕቃው ከካሚኩሬ በሃያ ሁለት፣ በአሥር ሰዓቱ የጭነት መኪና ካልወጣ ለመርከቡ አይደርስም። በዓሉ ካለፈ ደግሞ አሻንጉሊቶቹ እስከ ዓመት ድረስ ከሣጥን አይወጡም።

እትዬ ኪኑዮ አምስት ቀን ከቤት አልወጡም። ምን ሲያደርጉ እንደነበር ያወቅሁት ምሳ ይዤላቸው የሄድኩ ቀን ነው። ነጭ ጓንት አድርገው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። የእያንዳንዱን አሻንጉሊት ፊት መጀመሪያ በስስ ወረቀት፣ ከዚያ በጥጥ፣ ከዚያ እንደገና በወረቀት ይሸፍናሉ፤ ፊታቸውን በባዶ እጅ መንካት አይቻልም። ጣት የማያህሉ ማራገቢያዎች፣ ከስንደዶ የቀጠኑ ጎራዴዎች፣ ሁሉም ለየብቻ በትንሽ ፖስታ ገብተው "ይህ የሦስተኛው ሙዚቀኛ ነው" ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ዐሥራ አምስቱም ሣጥኖች በታቴኖ ወረቀት ተጠቅልለዋል፤ ሰያፍ፣ እጥፋቱ በቀኝ፣ አንዲት ፕላስተር።

"ወረቀቱን ጨረሱት እኮ" አልኩ።

"ለማን ላስቀምጠው?" አሉ ቀና ሳይሉ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን በረዶው እስከ ጉልበት ነበር። እትዬ ኪኑዮ አራቱን ካርቶን በልጆች የበረዶ ሸርተቴ እየጎተቱ አራት ጊዜ ተመላለሱ። አራተኛውን ይዘው ሲገቡ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ላባቸው በሻርፓቸው ሥር ይወርዳል። ለካሁ። የመጀመሪያው መቶ አርባ፤ ሁለተኛው መቶ አርባ፤ ሦስተኛው መቶ ስድሳ። አራተኛው የደረጃው ብረት ያለበት ነው፤ ርዝመቱ መቶ ሃያ። ሜትሩን ዘረጋሁ። ደግሜ ዘረጋሁ። ሦስተኛም ዘረጋሁ፤ በሕይወቴ አንድን ካርቶን ሦስት ጊዜ ለክቼ አላውቅም።

"ስንት ነው?" አሉ።

"መቶ ሰባ አንድ።"

መስኮቱ ጋ ሰልፍ ላይ የቆሙት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ሜትሩን አዩ። አንዱ ከኋላ "ኧረ ሞሪሺጌ፣ በናትህ! አንዲት ሴንቲ!" አለ። ጆሮዬ ጋለ። አንዲት ሴንቲ ናት፣ አዎ። ግን ከዚህ ያሳለፍኩትን የወደቡ ሰው ለክቶ ቢመልሰው መርከቡም አመለጠ፣ በዓሉም አመለጠ። ይህን መናገር ነበረብኝ፤ ከአፌ የወጣው ግን "አይሆንም" ብቻ ነው።

እትዬ ኪኑዮ አዩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ልክ ነህ። እኔም ሱቅ ውስጥ እንዳንተው ነበርኩ" አሉ። ከዚያ "ማስመሪያህን አቀብለኝ" አሉና ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

ካርቶኑን ከፈቱ። ብረቶቹን አወጡ፤ በጨርቅ የተጠቀለሉትን አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ደረደሩ። ከቦርሳቸው ምላጭ አወጡና አራቱን የካርቶኑን ማዕዘን ከላይ ወደ ታች አንድ ሴንቲ ተኩል ቀደዱ። ማስመሪያውን አስጠግተው በምላጩ ጀርባ ዙሪያውን መስመር ሰመሩ፤ መስመሩን ተከትለው አጠፉት፤ ካርቶኑ ዝቅ አለ። ብረቶቹ ግን እንደ ፊቱ አልገቡም። አንዴ ደረደሯቸው፣ አልሆነም። አንዱን አዙረው እንደገና ደረደሯቸው፤ ክዳኑ አሁንም ጎብጦ ቀረ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል። የጭነት መኪናው ውጪ ደርሶ ጡሩንባ ነፋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። በሠላሳ አንድ ዓመት መኪና አዘግይቼ አላውቅም። ያን ቀን ሹፌሩ ሊያስፈርመኝ ሲገባ እስክሪብቶ ጠፋኝ። መሳቢያውን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ ሌላውን ከፈትኩ። ሹፌሩ "የኔን እንካ" ሲለኝ የሰው እስክሪብቶ አይሆነኝም አልኩት። እስክሪብቶው የደረት ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ሰልፍ ላይ ያሉት ሁሉ ያዩታል፤ አንድም ሰው አልተነፈሰም።

"ለካ!" አሉ እትዬ ኪኑዮ ከወለሉ።

ለካሁ። መቶ ስድሳ ዘጠኝ ተኩል። "መቶ ሰባ ውስጥ ነው!" ብዬ ጮህኩ፤ ለምን እንደምጮህ አላውቅም። ሰልፉ አጨበጨበ። ሂሳቡን ነገርኳቸው፤ አራቱ ካርቶን አሥራ አንድ ሺህ የን ገደማ። በአንድ የን ለተሸጠ ዕቃ! ቆጥረው ከፈሉ። ወረቀቱ ላይ "ወጪው በላኪ" የሚለውን ራሳቸው ምልክት አደረጉበት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔን አትጠይቁኝ። በየጠዋቱ የደቡቡን ባሕር የአየር ትንበያ አያለሁ። ባለቤቴ "መርከበኛ ልትሆን ነው?" ትለኛለች። በሁለተኛው ወር ሃያ ስድስት ማዕበል ነበር፤ መርከቡ አልተነሣም። በሃያ ሰባትም አልተነሣም። እትዬ ኪኑዮ በየቀኑ ይመጣሉ፤ የሚልኩት ነገር የላቸውም፤ ዝም ብለው ወንበሩ ላይ ይቀመጣሉ። መርከቡ በሃያ ስምንት ተነሣ።

በበዓሉ ጠዋት ስልካቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገቡ። ፎቶ ነው። ቀዩ ጨርቅ፣ ሰባቱ ደረጃ፣ ከላይ እስከ ታች ዐሥራ አምስቱም ቁጭ ብለዋል፤ ሦስተኛው ሙዚቀኛ መሣሪያውን ይዟል። ፊት ለፊት አራት ሴት ልጆች ጀርባቸውን ለካሜራው ሰጥተው ተደርድረዋል፤ ፊታቸው አይታይም፣ ሁሉም ወደ አሻንጉሊቶቹ ነው የሚያዩት።

"መስተዋት የለም" አሉ እትዬ ኪኑዮ። በአምስተኛው ቀን ጠራጊዎቹ መጥተው ቤቱን ባዶ ሲያደርጉት ሻይ አፍልተው አስተናገዷቸው አሉ።

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው የአድራሻ ለውጥ ሊሞሉ መጡ። እኔ ጠዋት ከመጣው ዕቃ መሐል የለየሁት አንድ ትንሽ ካርቶን ነበረኝ፤ ላኪው ሚናሴ ትምህርት ቤት። መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት።

"ስንት ልክፈል?" አሉ ቦርሳቸውን እየከፈቱ።

"ምንም። ወጪው በላኪ ነው።"

ቦርሳቸው ላይ እጃቸው ቆመ። "በላኪ? ለእኔ? ስንት ከፈሉ?"

አውቅ ነበር፤ ቁጥሩ ከፊቴ ነው። "ለተቀባይ አይነገርም፤ ደንብ ነው" አልኩ። እንዲህ የሚል ደንብ የለም።

ካርቶኑን እዚያው ከፈቱት። ከላይ ደብዳቤ፣ ከሥር በታቴኖ ወረቀት የተጠቀለለ ሣጥን። ነጩ ወረቀት፣ ትንንሾቹ ቀይ ቅጠሎች። ደብዳቤውን እኔ አነበብኩላቸው፤ መነጽራቸው ጭጋግ ይዞ ነበር። "ልጆቹ ወረቀቱን አንድም ሳይቀዱ ፈቱት። እንዴት እንደታጠፈ ገርሟቸው፣ ሲፈቱ ያዩትን ወደ ኋላ እየመለሱ ሦስት ሳምንት ሲለማመዱ ሰነበቱ። ይህ ከሁሉም የተሻለው ነው። ውስጡ የደሴታችን ጥቁር ስኳር ነው። የመላኪያውን ወጪ ልጆቹ ራሳቸው የባሕር ዳር ዛጎል ሸጠው ነው የቻሉት፤ 'በላኪ' ብለው ምልክቱን ያደረጉትም እነሱ ናቸው።"

ሣጥኑን አየሁት። ሰያፍ ነው። ጠርዙ ትንሽ ተንሻፏል። ፕላስተሩ አንዲት ብቻ ናት። የመጨረሻው እጥፋት ግን በግራ ነበር።

ወይ ጉድ! የለቅሶ ነው። ልጆቹ ወደ ኋላ ሲመልሱት አቅጣጫው ተገልብጦባቸዋል። ሰውየውን እስከ ባቡር ድረስ አሳድደው የያዙት ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ ከተማቸውን ሊለቁ በዋዜማው፣ የሟች ስጦታ ደረሳቸው። እሳቸውም አይተውታል፤ ዓይናቸው እጥፋቱ ላይ ቆሟል።

"እትዬ፣ ልጆች ናቸው እኮ፣ አያውቁም" አልኩ ፈጥኜ። "ለአስተማሪዋ ዛሬውኑ እጽፍላታለሁ፤ በትክክል..."

"ሞሪሺጌ!" አሉ። እንዲህ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። "አንዲት ቃል ብትተነፍስ ወዮልህ!"

ከዚያ ሳቁ። እየሳቁ እንባቸው ይወርዳል፣ በሻርፓቸው ይጠርጉታል፣ መልሰው ይስቃሉ። "በቁሜ ቀበሩኝ እኮ!" ይላሉ። ሰልፉ ላይ ያሉት ግራ ገባቸው። እኔም ሳቅሁ።

"ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠቀለልኩ" አሉ ሲረጋጉ። "ሰው ለእኔ ብሎ ሲጠቀልልልኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ማንም እንዳያስተካክለው።"

ሣጥኑን ሊያነሡት እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት።

"እባክህ አንተ ስጠኝ" አሉ።

"ምኑን?"

"ስጦታውን ነዋ። ሱቅ ውስጥ እንደሚሰጠው።"

ተነሣሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሰዓቴ ሳይደርስ ከመስኮቱ ኋላ ወጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ዞሬ ወጣሁ። ኮቴን አስተካከልኩ። ሣጥኑን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ "ስለጠበቁን እናመሰግናለን፣ ደንበኛችን፤ ይኸው የእርስዎ ነው" አልኳቸው።

እሳቸውም ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሶ ነበር፤ ማንም አላጉረመረመም።